የወገብ ሕመምና የኤምአርአይ ወረፋ

ባሕር ዳር ውስጥ ወገቡን የታመመ ሰው ቤት ጥየቃ የገባ ዘመድ ገና ቡናው ሳይቀርብ «ኤምአርአይ ተነሣህ ወይ?» ይላል። ያልተነሣ ገና እንዳልታከመ ይቆጠራል። የተነሣው ደግሞ ፖስታውን ከፍራሽ ሥር ያወጣና ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ነገር እንዳለ ለሁሉም ያሳያል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አያስርም፣ ልጁን አያዝልም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ እየፈራ ነው። ወረፋው ከረዘመበት ወይም «የአዲስ አበባው ይሻላል» ካሉት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ለታመመ ወገብ ከዚህ የባሰ ቅጣት ማሰብ ያስቸግራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥያቄው ቦታውን ስቷል። ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ውስጥ ከ10 ዘጠኙ ያህል ሕመማቸው ከአንድ ተለይቶ ከሚታወቅ በሽታ ጋር አይያያዝም። ጡንቻ፣ ጅማት፣ መገጣጠሚያ ወይም ዲስክ ተቆጥቶ ያማል፤ አብዛኛውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለእነዚህ ሰዎች ፎቶው ብር ከመፍጀት አልፎ ሊጎዳም ይችላል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ከውጭ መጽሔት ገልብጠው «ምንም ምርመራ አያስፈልግም፣ ዝም ብለህ ተንቀሳቀስ» የሚሉትንም አልደግፍም። ያ ምክር የተጻፈው የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ በሆነባቸው አገሮች ነው፤ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ክርክሬ ከሁለቱም ወገን ጋር ነው፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ፎቶው ላይ የሚታየው ነገር

የታችኛው ጀርባችን አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። በየመካከላቸው ያለው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ የቃጫ ቀለበት፣ ውስጡ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው። የጣና ታንኳ ቀን ሐይቁ ላይ ሲውል ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ተገትሮ ይንጠፈጠፋል። ዲስክ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቀን ቆመንና ተሸክመን ስንውል ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል፣ ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይጠጣል። ጠዋት ከማታው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ረዝመን የምንነሣው፣ ከአልጋ እንደወረድንም ወገባችን ድርቅ የሚለው በአመዛኙ በዚህ ነው። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ተንሸራቶ ከቦታው አይሄድም። የሚሆነው ሌላ ነው። ቀለበቱ ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ የውስጡ ነገር ወደ ውጭ ይወጠራል፣ አንዳንዴም ይወጣል። የወጣው ቁራጭ የነርቭ ሥር ከነካ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባ በኩል እስከ እግር ጣት እየጠዘጠዘ ይወርዳል። ይህን ግንኙነት ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ቀዶ ሐኪሞች በ1934 እ.ኤ.አ. ካሳወቁ ወዲህ ዲስክ ለወገብ ሕመም ሁሉ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረ።

ክሱ ግን ከተገቢው በላይ ሄዷል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ የተወጠረ ዲስክ ተገኘባቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ከ3,000 በላይ ጤነኛ ሰዎችን የያዙ 33 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ የ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው ታየ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አላመማቸውም! ስለዚህ አንድ የ45 ዓመት የባጃጅ ሹፌር ወገቡን አሞት ፎቶ ቢነሣና ዲስኩ አርጅቶ ቢገኝ፣ ያ ዲስክ ከመታመሙ በፊትም እንደዚያው ሆኖ የቆየ ሊሆን ይችላል። በሽተኞችን የሚያስገርመው ሌላው እውነት ደግሞ የወጣ ዲስክ ራሱ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ሰውነት ከቀለበቱ ያመለጠውን ቁራጭ እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይበላዋል። ፈጽሞ ተቆርጦ የወጣው፣ ማለትም ፎቶው ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ከሁሉ በበለጠ ራሱ የሚቀንሰው ነው፤ በትንሹ የተወጠረው ግን ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል።

«ታዲያ ማየቱ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በዓይኑ ያላየውን የማያምን ታማሚ ሞኝ አይደለም። መልሱ ያለው ከፎቶው በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 380 የወገብ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ኤምአርአይ፣ ግማሾቹን ተራ ኤክስሬይ አስነሣ። ከዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በጤናቸው እኩል ነበሩ፤ ልዩነቱ ኤምአርአይ ከተነሡት መካከል ቀዶ ሕክምና ላይ የደረሱት መብዛታቸው ነው። እኛ አገር ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የሚብሰው ፍርሃቱ ይመስለኛል። «ወገብህ አልቋል»፣ «ከእንግዲህ ዕቃ እንዳታነሣ» የሚሉ ቃላት ከሐኪም አፍ ሲወጡ እንደ ፍርድ ይያዛሉ። የፈራ ሰው ወገቡን ገትሮ ይሄዳል፣ ጡንቻው ይላላል፣ በትንሽ ነገር ያመዋል፣ ሕመሙም ወረቀቱ እውነት እንደነበረ ያረጋግጥለታል።

ኩላሊት፣ ብርድ፣ ጣውላና መርፌ

ወደ ኤምአርአይ ከመድረሱ በፊት ግን አብዛኛው ሰው በሌላ መንገድ ያልፋል። የወገብ ሕመም ስንት ጊዜ «ኩላሊቴን ነው» ተብሎ እንደሚጀመር ማንም ያውቃል። ኩላሊት ሲታመም ከጎድን አጥንት በታች ጎን ላይ ያማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሽንት ማቃጠል ወይም የሽንት መቅላት አብሮት ይመጣል። ጎንበስ ስንልና ስንዞር የሚጨምር፣ ስንተኛ የሚቀንስ ሕመም ኩላሊት የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ኩላሊት ዝም ብሎ የሚደክም አካል ነው፤ እየከሸፈም እንኳ ላያም ይችላል። ብርዱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሞቅ ያለ የሐይቅ ዳር አየር ያላት ባሕር ዳር ውስጥ ለወገብ ሕመም ብርድን መክሰስ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ወገብ ላይ ማድረግ ግን ያስታግሳል፣ ጉዳትም የለውም።

«ጣውላ ላይ ተኛ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከሐኪምም ከጎረቤትም ይሰማል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የስፔን ጥናት 313 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ዓይነት ፍራሽ አስተኝቶ ተከታትሎ ነበር። መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ የተኙት በጣም ጠንካራ ላይ ከተኙት ተሽለው ተገኙ። ተኝቶ መክረምም እንዲሁ ከሽፏል። በ1986 እ.ኤ.አ. ለ203 ታካሚዎች ለሁለት ቀን ወይም ለሰባት ቀን መተኛት ታዝዞ፣ ሁለት ቀን የተኙት ወደ ሥራ የተመለሱት ቀድመው ነበር፤ በሕመሙ ግን ልዩነት አልታየም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ ሲሞከር ደግሞ ሕመሙ እስከፈቀደላቸው የየዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት ከተኙትም፣ የተለየ እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸውም ቀድመው አገገሙ። ይህ ከታወቀ 30 ዓመት ሆነው፤ እኛ ዘንድ ግን «ዕረፍት አድርግ» የሚለው አሁንም የመጀመሪያው ማዘዣ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው የወገብ ቀበቶም በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የለውም። ድርጅቱ ስለ ሥር ሰደድ የወገብ ሕመም የመጀመሪያውን መመሪያውን ያወጣው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትንና እንደ ትራማዶል ያሉ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን በተለምዶ እንዳይታዘዙ መክሯል። የሚደግፈው ሕመሙን ለታማሚው ማስረዳትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ እንደ ማሳጅ ያለ የእጅ ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና እገዛንና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶችን ነው። ስለ ዲክሎፌናክ መርፌ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። መርፌ ከኪኒን ይበልጣል ብሎ ማመን ልማዳችን ነው። ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ሆኖም ጨጓራ በየቤቱ ባለበት አገር በየሳምንቱ መወጋት ጨጓራን ሊያደማ፣ ሰውዬው መጀመሪያ በከንቱ የጠረጠረውን ኩላሊቱንም እውነት ሊጎዳው ይችላል።

ታዲያ ምን ይሠራል? ለአብዛኛው ሰው መልሱ አሰልቺ ነው፤ መንቀሳቀስ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታተለ። በባለሙያ እየተመከሩ ደረጃ በደረጃ የእግር ጉዞ የጀመሩት ሕመሙ እስኪመለስባቸው አማካይ 208 ቀን ቆዩ፤ ምንም ያልተደረገላቸው 112 ቀን። ለዚህ ከባሕር ዳር የተመቸ ከተማ አገሪቱ ውስጥ ብዙ የለም፤ ሜዳ ነች፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሏት፣ ብስክሌት ከጥንት የከተማዋ መታወቂያ ነው። ሕመም ያለበት ሰው በደንብ እስኪሻለው መጠበቅ የለበትም፤ በሚችለው ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምር። «ስግደትስ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ምእመናን አሉ፤ በተለይ ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ። ሕመሙ በጣም በሚበረታባቸው ቀናት መቀነስ ወይም መቋሚያ ይዞ መቆም፣ ሲቀል ቀስ በቀስ መመለስ። ጎንበስ ማለት ለወገብ መርዝ አይደለም፤ ወገብ የተሠራው ለዚያ ነው።

«ዝም ብለህ ተንቀሳቀስ» የማይሠራበት ቦታ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከባዱ በሽታ አስቀድሞ መለየት አለበት። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ከሳንባ ውጭ ወደ አጥንት ሲሄድ ከሁሉ የሚወደው አከርካሪን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ቀስ ብሎ ይጀምራል። በወራት ውስጥ ሌሊት የማያስተኛ ሕመም፣ ማታ ማታ የሚመጣ ላብና ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ይከተላሉ። በመጨረሻ አጥንቱ ይበላና ጀርባ ይጎብጣል፣ ሕብለ ሰረሰር ሲጨመቅም እግር ይከዳል። ሳንባው ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል የአክታ ምርመራ «ነጻ ነህ» ማለቱ አይበቃም። አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ሆኖ ለዓመታት ጀርባቸው የተጣመመ ወጣቶችን እየለየ አክራ ወደሚገኘው የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሆስፒታል ሲልክ፣ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ጀርባቸውን ያጎበጠው ይኸው ቲቢ ነበር። በጊዜ የተገኘ የአከርካሪ ቲቢ ግን በአብዛኛው ያለ ቢላዋ በመድኃኒት ይድናል። ሕክምናው እስከ አንድ ዓመት ቢወስድም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

ሁለተኛው የአካባቢያችን ተጠርጣሪ ከበረት ይመጣል። ብሩሴሎሲስ ከከብት ወደ ሰው በጥሬ ወተትና ሲወልዱ በሚነካ ፈሳሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የታችኛውን ጀርባና ዳሌን መያዝ ይወዳል፤ ትኩሳቱም እየሄደ እየመጣ ሰውን ያደክማል። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የታወቀ ነው፤ ወተቱን ሳያፈሉ መጠጣትም በገጠሩ ያልተለመደ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ የፎገራ እረኛ ወይም አላቢ «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ለወገብ ሕመሙ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ፎቶው ዋጋ የሚያገኘው። ሌሊት የሚያባንን ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የታከመ ሰው፣ ወድቆ የተመታ አዛውንት፣ እየጨመረ የሚሄድ የእግር መድከም፣ እነዚህ ካሉ የደም ምርመራም ኤምአርአይም ያለ ማመንታት መታዘዝ አለበት፤ ብሩም ቢሆን የሚቆጭ አይደለም። ከሁሉም አጣዳፊው ግን ሽንት አልመጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ በኮርቻ ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል መደንዘዝና የሁለቱም እግር መክበድ ነው። ይህ ከሕብለ ሰረሰር ጫፍ እንደ ጅራት የሚወርዱት ነርቮች ታንቀዋል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃል፤ ከዘገየ ሽንትን መቆጣጠር ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚጨንቀኝ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ነው። ዲስኩ ያረጀ ሰው ወር መጠበቅ ይችላል፤ እሱ አይችልም።

የሥራው ድርሻ

ከአንባቢ ሊመጣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ይመስለኛል፦ «ተንቀሳቀሱ ትላላችሁ፤ እኛን የገደለን መንቀሳቀሱ ነው።» ጣና ዳር ላለ ሰው እውነትነት አለው። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ በአብዛኛው በእጅ ተበትኖ ይዘራል፣ አረሙም ውሃ ውስጥ ቆሞ ወገብን እጥፍ አድርጎ በእጅ ይነቀላል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲወርር የዳር ዳሩ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃ የጠገበውን አረም እየጎተተ ስንት ዘመቻ ወጣ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ በታንኳ የሚቀዝፍ፣ የዓሣ መረብ የሚጎትት፣ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት፣ ለእነዚህ ስለ እግር ጉዞ ማውራት ቀልድ ይመስላል።

ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ከባድ ሥራ ዲስክን ያስረጃል የሚለው እምነት ከፊንላንድ መንትዮች ጥናት በኋላ ተዳክሟል። አንደኛው በጉልበት ሥራ ሌላው በቢሮ ያረጁ መንትዮች ዲስካቸው እምብዛም አልተለያየም፤ ከሥራው ይልቅ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታየ። በሌላ በኩል ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ከባድ ነገር በማይመች አኳኋን ማንሣት ነው፣ በተለይ ሰውነት ደክሞ እያለ። ስለዚህ ገበሬው ወገቡ አላለቀም፤ ሥራው ግን ሊቀየር ይችላል። ሩዝ በመስመር ከተዘራ ቆሞ በሚገፋ ማረሚያ ይታረማል። እጀታው የረዘመ መኮትኮቻ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚኮተኩት ግን ትንሽ አይደለም። የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በሁለት ባለ 10 ሊትር ተከፍሎ በሁለት እጅ ሲያዝ ክብደቱ ያው ሆኖ ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይለያል። እንዲህ ያለውን ነገር ለገበሬው መንገር የግብርና ሠራተኛው ሥራ ቢሆን አይገርመኝም።

ወጌሻውና ቀዶ ሐኪሙ

ወጌሻን በጅምላ ማውገዝ አልወድም። የታሸ ወገብ ይፈታል፣ ዋግምት የተደረገለትም ቀለለኝ ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ የእጅ ሕክምና መካተቱንም አይተናል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ቲቢ የበላው ወይም በእርጅና የሳሳ አጥንት በጉልበት ሲታጠፍ ይሰበራል። የሚያባንነውን ሕመም «ወለምታ ነው» ብሎ ለወራት ማሸትም የመዳኛውን ጊዜ ይበላል። ደህና ወጌሻ ትኩሳትና መክሳት ያየ ጊዜ «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነው፤ እንዲህ ያሉም አሉ። ጠበልም እንዲሁ፤ የተጀመረ የቲቢ መድኃኒት እስካልተቋረጠ ድረስ ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ የሕዝባችን ፍርሃት በአንድ በኩል ልክ፣ በሌላ በኩል ስሕተት ነው። «ወገቡን የተቀደደ አይነሣም» የሚለው ስሕተት ነው። ነርቭ ተጭኖ እግሩን ለሚጠዘጥዘው ሰው ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ ይሠራል። ሆላንድ ውስጥ ለሳምንታት እግራቸው የተጠዘጠዘባቸው 283 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ተደረገ። ቶሎ የተሠራላቸው ቀድመው ዳኑ። ከጠበቁት ደግሞ 39 በመቶው በመጨረሻ ቢላዋ አስፈለጋቸው፤ የቀሩት ያለሱ አለፉት። ዓመቱ ሲሞላ በሁለቱም በኩል 95 በመቶው «ድኛለሁ» አሉ። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እግሩ እየከዳ ወይም ሽንቱ እየተቋረጠ ካልሆነ በቀር ታማሚው የመምረጫ ጊዜ አለው። ሕመሙን መቋቋም ያቃተው ቢሠራለት አይፈረድበትም፣ የታገሠም አይከስርም። እግር ላይ ያልወረደ፣ ወገብ ላይ ብቻ የቀረ ሕመም ይዞ ቀዶ ሐኪም ፍለጋ የሚዞረው ግን በተሳሳተ በር ነው የቆመው። ደግሞም ቀዶ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ላይ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የእነሱን ሰዓት ላረጀ ዲስክ ማዋል ከባለ ዕጢውና ከባለ አደጋው ላይ መንጠቅ ይሆናል።

ብሩ አለ፤ የሚውልበት ቦታ ነው የጠፋው

አንዳንዶች መፍትሔው የኤምአርአይ ወረቀቱን ማሻሻል ነው ይላሉ፤ «ይህ ለውጥ በዚህ ዕድሜ ባሉ ጤነኞችም ይታያል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ግን የተቀየረው ጥቂት ነው። የኦፒዮይድ ማዘዣ በትንሹ ቀነሰ፣ የተቀረው ሕክምና እንደነበረ ቀጠለ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። የፈራን ሰው በወረቀት ማሳመን አይቻልም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስረዳው፣ አሳይቶ የሚያንቀሳቅሰው፣ በሁለተኛው ሳምንት «እስኪ አሁንስ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። በባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን፣ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ሰው፣ ሐኪሙ ለዚህ ጊዜ እንደማይተርፈው ያውቃል። በዚያ ላይ ከዘጌም ከወረታም ቀላሉም ከባዱም የወገብ ሕመም እዚያው ሰልፍ ላይ ነው የሚገናኘው።

ይህን ሥራ የተማረ ባለሙያ ግን አለን። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ እያስተማረ ስንት ዙር አስመርቋል። ችግሩ ባለሙያው ከሆስፒታል ወደ ታች አለመውረዱ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ፊዚዮቴራፒ የተለመደ አገልግሎት አይደለም። «በጀት የለም» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ፤ አያሳምነኝም። ብሩ አሁንም እየወጣ ነው፤ የሚያወጣው ግን ታማሚው ነው፤ ለትራንስፖርት፣ ለአልጋ፣ በሺዎች ለሚቆጠር የፎቶ ክፍያ፣ ለቀበቶ፣ ለመርፌ። ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ገበሬው የመድህን ካርድ መያዝ ከለመደ ቆይቷል ማለት ነው። ካርዱን ይዞ ወረታ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ ሽንቱና ስለ እግሩ ጉልበት የሚጠይቀው፣ ጀርባውን ገልጦ አጥንቱን አንድ በአንድ የሚዳብሰው፣ የሚያሰጋ ነገር ካገኘ የዚያኑ ዕለት ወደ ባሕር ዳር የሚልከው፣ ካላገኘ ደግሞ እንቅስቃሴውን አሳይቶ በሁለት ሳምንት የሚቀጥረው አንድ ሰው መቅጠር ይቻላል። ለእሱ ክፍል የሚያስፈልገው አንድ ምንጣፍ፣ አንድ አልጋና በር ነው፤ ኤምአርአዩ ይህ ሰው ለሚልካቸው ይቆይ።